የሽርሽር መንገድ አውራ ጎዳና ሲያቋርጥ፦ እግረኛን ለመጠበቅ ከልኬት እስከ መብራት

በሽርሽር መንገድ (ለእግረኛና ለብስክሌት ብቻ በተተወ መንገድ) ላይ ያለ ሰው ለመኪና አልተዘጋጀም። ግማሽ ሰዓት ሙሉ በዛፍ ጥላ ሥር ሲሄድ ቆይቶ፣ ጆሮው ላይ ሙዚቃ ሰክቶ ወይም የልጅ ጋሪ እየገፋ፣ ድንገት አስፋልት ዳር ይደርሳል። አሽከርካሪውም አልተዘጋጀም፤ መስቀለኛ መንገድ የለም፣ ሱቅ የለም፣ እዚህ ሰው ይወጣል ብሎ የሚጠረጥርበት ነገር የለም። ሁለት ያልተዘጋጁ ሰዎች የሚገናኙበት ቦታ ስለሆነ ከተራው የከተማ ማቋረጫ የተለየ ሥራ ይፈልጋል።

ችግሩ ሲነሳ ቀድሞ የሚመጣው ሐሳብ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ዜብራ ይቀባ»። ቀለም ርካሽ ነው፣ ባንድ ሌሊት ያልቃል፣ ለፎቶም ያምራል። ነገር ግን ዜጊር የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ30 የአሜሪካ ከተሞች 1,000 የተቀቡና 1,000 ያልተቀቡ ማቋረጫዎችን አነጻጽረው እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጥናት ያገኙት ሌላ ነው። ብዙ ረድፍ (ሌን) ባላቸው፣ መሃል ላይ እግረኛ የሚያርፍበት ደሴት በሌላቸውና በቀን ከ12,000 በላይ ተሽከርካሪ በሚያልፍባቸው መንገዶች፣ ቀለም ብቻ የተቀባባቸው ቦታዎች ጭራሽ ካልተቀቡት የባሰ የአደጋ መጠን ነበራቸው። ስለዚህ ብሩሹን ለጊዜው አስቀምጡና ሰዓት ቆጣሪ ያዙ።

መጀመሪያ ሰከንዱን ቁጠሩ

የማንኛውም ማቋረጫ ጥያቄ በሁለት ቁጥር ይጠቃለላል፤ እግረኛው ስንት ሰከንድ ይፈልጋል፣ መንገዱስ ስንት ሰከንድ ይሰጠዋል? ለልኬቱ የስልክ ሰዓት ቆጣሪ፣ 50 ሜትር የሚዘረጋ ሜትር፣ ጠመኔ፣ ወረቀትና አንድ ረዳት ይበቃል።

የመንገዱን ስፋት እግረኛው በትክክል በሚሄድበት አቅጣጫ ለኩ። ያገኛችሁትን ለ1.07 አካፍሉ፤ ይህ በሰከንድ በሜትር የሚለካ፣ ለዲዛይን የሚያዝ የእርምጃ ፍጥነት ነው። አዛውንትና ሕፃናት የሚበዙበት ቦታ ከሆነ 0.9 ያዙ። በላዩ 3 ሰከንድ ጨምሩ፤ ሰው ክፍተቱን አይቶ፣ ወስኖ፣ እግሩን እስኪያነሳ የሚያልፍ ጊዜ ነው። እያንዳንዳቸው 3.5 ሜትር የሆኑ አራት ረድፎች ያሉት መንገድ 14 ሜትር ነው፤ 14 ለ1.07 ሲካፈል 13፣ ከ3 ጋር 16 ሰከንድ። በ0.9 ካሰላችሁት ወደ 19 ይጠጋል።

ቀጥሎ መንገዱ ምን እንደሚሰጥ ቁጠሩ። የሽርሽር መንገዱ በሚጨናነቅበት ሰዓት (ብዙ ጊዜ የዕረፍት ቀን ጠዋትና የሥራ ቀን ማምሻ ነው) ዳር ላይ ተቀምጣችሁ ለአንድ ሰዓት በመኪኖች መካከል ያለውን ክፍተት መዝግቡ። በምሳሌያችን የሚቆጠረው 16 ሰከንድና ከዚያ በላይ የሆነው ብቻ ነው፤ ሁለቱም አቅጣጫ ባንድ ጊዜ ባዶ መሆን አለበት። በሰዓት ከ60 ያነሰ፣ ማለትም በአማካይ በደቂቃ አንድ የማይሞላ ክፍተት ካገኛችሁ፣ መንገዱ ለእግረኛ በራሱ ጊዜ እንደማይሰጥ እወቁ። ቁጥሩን ብቻ አትዩ፤ የሰዎቹንም ጠባይ ተመልከቱ። መጠበቁ ከ30 ሰከንድ ሲያልፍ ሰው ትዕግሥቱ አልቆ በ8 ሰከንድ ክፍተት ሮጦ መግባት ይጀምራል። ሩጫውን ካያችሁ ስሌቱ የነገራችሁን አስፋልቱም እየነገራችሁ ነው።

የመኪናውን ፍጥነት ታፔላው ላይ ከተጻፈው አትውሰዱ። 100 ሜትር ለክታችሁ ሁለቱን ጫፍ በጠመኔ አመልክቱ፤ 360ን ባለፈበት ሰከንድ ስታካፍሉ በሰዓት ኪሎ ሜትሩ ይወጣል። በ6 ሰከንድ ያለፈ 60፣ በ7.2 ሰከንድ ያለፈ 50 ነው። ርቀቱን ወደ 50 ሜትር ማሳጠር ያምራል፤ ሆኖም ጣታችሁ በ0.2 ሰከንድ ብትዘገይ ስህተቱ በ60 ኪሎ ሜትር ላይ ወደ 4 ኪሎ ሜትር ስለሚደርስ 100ውን አትተዉ። ከፊታቸው ማንም ሳይኖር በነጻነት የሚሄዱ 100 መኪኖችን ብቻ መዝግቡ፤ በሰልፍ የሚሄደው የራሱን ሳይሆን የፊተኛውን ፍጥነት ነው የሚያሳየው። ከዝቅተኛው ጀምራችሁ ደርድሩና 85ኛውን ያዙ፤ ከዚህ በታች ለስሌት የምትጠቀሙበት ፍጥነት እሱ ነው። ደግሞ አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሳችሁ ጠርዝ ላይ አትቁሙ። ሁሉም ፍጥነቱን ይቀንስላችሁና የሰበሰባችሁት መረጃ የእናንተን ሰደርያ የሚለካ ይሆናል።

አሁን እይታውን። እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ርቀቶች አሉ፤ እነሱን ማምታታት የተለመደ ስህተት ነው። አንደኛው አሽከርካሪው አይቶ ለመቆም የሚፈልገው ነው፤ በሜዳ መንገድ በ30 ኪሎ ሜትር 35 ሜትር፣ በ40 50፣ በ50 65፣ በ60 85፣ በ80 130። ሁለተኛው እግረኛው ሳይቸኩል ለመሻገር አሻግሮ ማየት ያለበት ነው፤ በ60 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና በሰከንድ 16.7 ሜትር ስለሚበላ፣ በ16 ሰከንድ 267 ሜትር ይሆናል። መንገዱ 150 ሜትር ላይ ከታጠፈ፣ እግረኛው ባዶ መንገድ አይቶ ይገባል፤ መሃል ሲደርስ መኪናው ላዩ ላይ ነው። ሰውየው አልተሳሳተም፤ ያየውን አምኖ ነው የገባው።

እይታውን ስትፈትሹ በራሳችሁ ቁመት አትዩ። አንዳችሁ 1.1 ሜትር ላይ ዓይናችሁን ዝቅ አድርጋችሁ (የአሽከርካሪ ዓይን እዚያ አካባቢ ነው) ከመቆሚያው ርቀት (በ60 ከሆነ 85 ሜትር) ላይ ተመልከቱ፤ ሌላው ጠርዙ ላይ 1 ሜትር ርዝመት ያለው ዱላ ያቁም። የዱላውን ጫፍ የሚሸፍን ቁጥቋጦ፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ ወይም የቆመ መኪና ልጅንም፣ ከወላጁ ቀድሞ አስፋልት የሚገባውን ጋሪም ይሸፍናል። ከመሬት 60 ሴንቲ ሜትር በላይ ያደገ ቁጥቋጦ ይታጨድ፤ ከ2.1 ሜትር በታች የተንጠለጠለ ቅርንጫፍ ይቆረጥ።

ቦታውና ማዕዘኑ

የሽርሽር መንገዶች ብዙ ጊዜ ወንዝ ወይም የድሮ ባቡር ሐዲድ ተከትለው ስለሚሠሩ አስፋልቱን አግድም ይቆርጡታል። በ45 ዲግሪ ሲያቋርጥ 14 ሜትሩ 20 ሜትር ይሆናል፤ 16 ሰከንዱ ደግሞ 22። ከዚህም በላይ እግረኛው ከኋላው የሚመጣውን ለማየት አንገቱን መጠምዘዝ አለበት። መፍትሔው መንገዱን የመጨረሻዎቹ 20 እና 30 ሜትሮች ላይ አጥፎ በተቻለ መጠን በ90 ዲግሪ ማስገባት ነው፤ ከ60 ዲግሪ በታች አትውረዱ። መታጠፊያው ብስክሌተኛውንም ያዘገየዋል። ግን ዙሩን አታብዙት። የለመደው ሰው ሣሩን ረግጦ ቀጥ ብሎ ይሄድና አዲሱ ማቋረጫ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

መስቀለኛ መንገድ ቅርብ ከሆነ ወይ ወደ መስቀለኛው አምጡት፣ ወይ ከተጽዕኖው ውጭ አርቁት። መጥፎው መካከለኛው ነው፤ ከመስቀለኛው 20 እና 30 ሜትር ላይ መኪናው ታጥፎ ጨርሶ ነዳጅ መርገጥ ይጀምራል፣ አሽከርካሪውም ሐሳቡን ከእግረኛ ላይ አንስቷል። የአውቶቡስ ፌርማታ ካለ አውቶቡሱ ማቋረጫውን አልፎ እንዲቆም አዛውሩት፤ ከማቋረጫው በፊት የቆመ አውቶቡስ ግድግዳ ነው።

መንገዱን ለሁለት መክፈል

ካሉት መሣሪያዎች አንዱን ብቻ ምረጡ ብንባል መሃል ደሴቱን እንመርጣለን። ምክንያቱ ሒሳብ ነው። 14 ሜትሩን ባንድ ጉዞ መሻገር ከሁለት አቅጣጫ በአንድ ጊዜ 16 ሰከንድ መለመን ነው። መሃል ላይ የሚያርፍበት ካገኘ ግን መጀመሪያ አንዱን አቅጣጫ ብቻ፣ ቀጥሎ ሌላውን ብቻ ያያል። አራቱን ረድፎች 3 ሜትር 3 ሜትር ብታደርጓቸው አስፋልቱን ሳትነኩ 2 ሜትር ይተርፋል። እያንዳንዱ ግማሽ 6 ሜትር ሆነ፤ 5.6 ሲደመር 3፣ 8.6 ሰከንድ። የሚያስፈልገው እይታ ከ267 ወደ 144 ሜትር ወረደ። ከሁሉም በላይ የ9 ሰከንድ ክፍተት በአንድ አቅጣጫ ማግኘት፣ የ16 ሰከንድ ክፍተት በሁለቱም አቅጣጫ ከማግኘት ጋር አይወዳደርም።

ይህ ግን ድሃ ደሴት ነው። ለእግረኛ ትንሹ ስፋት 1.8 ሜትር ሲሆን የአንድ ብስክሌት ርዝመትም ያንኑ ያህል ነው። 2 ሜትር ላይ የቆመ ብስክሌት አፍና ጭራው ጠርዙን ሊነካ ምንም አይቀረውም፤ ተጎታች ያሰረውማ ጭራሽ አይበቃውም። ለሽርሽር መንገድ 3 ሜትር ፈልጉ። ከየት ይመጣል ካላችሁ፣ በቀን እስከ 20,000 ገደማ ተሽከርካሪ የሚያልፍበት ባለ አራት ረድፍ መንገድ ብዙ ጊዜ በየአቅጣጫው አንድ ረድፍና መሃል ላይ አንድ የመታጠፊያ ረድፍ ተደርጎ ይሠራል፤ ማቋረጫው ላይ የመታጠፊያው ቦታ ደሴት ይሆናል። 3.5 ሜትር በየአቅጣጫው፣ 3 ሜትር ደሴት፣ የቀረውን 4 ሜትር ደግሞ ከግራና ከቀኝ ጠርዙን ወደ ውስጥ ማስገቢያ አድርጉት። እግረኛው አሁን በአንድ ጊዜ የሚሻገረው 3.5 ሜትር ብቻ፣ የሚፈልገው ክፍተትም 6.3 ሰከንድ ነው። ከ16 ወደ 6.3።

ረድፍ መቀነሱ ሌላም ጥቅም አለው። በአንድ አቅጣጫ ሁለት ረድፍ ሲኖር በጣም ገዳይ የሆነው ነገር ይፈጠራል፦ ጠርዝ በኩል ያለው አሽከርካሪ በደግነት ይቆማል፣ እግረኛው አመስግኖ ይገባል፣ ከቆመው መኪና አፍንጫ ብቅ ሲል በውስጠኛው ረድፍ ሌላ መኪና በሙሉ ፍጥነት ይደርሳል። ሁለቱም እስከዚያች ቅጽበት አልተያዩም። ሁለቱን ረድፎች ማንሳት ካልቻላችሁ የመቆሚያ መስመሩን ከማቋረጫው ከ6 እስከ 15 ሜትር ወደ ኋላ አርቁት። የመጀመሪያው መኪና ራቅ ብሎ ከቆመ በጎኑ ማየት ይቻላል።

ደሴቱን ስትሠሩ መተላለፊያውን በመንገዱ ደረጃ ቆርጣችሁ አሳልፉት፤ ወጥቶ መውረድ ለተሽከርካሪ ወንበር ችግር ነው። ቦታ ካለ መተላለፊያውን ሰበር አድርጉት፤ ደሴቱ ላይ የደረሰ ሰው ቀጥሎ ከሚመጣበት መኪና ፊት ለፊት እየተራመደ እንዲሄድ። በቀኝ በሚነዳበት አገር ወደ ቀኝ፣ በግራ በሚነዳበት ወደ ግራ ይሰበራል። ተገላቢጦሽ የተሠራ ሰበራ ሰውን ጀርባውን ለመኪና እንዲሰጥ ያደርገዋል፤ ባይሠራ ይሻል ነበር። ኮንክሪት ከማፍሰሳችሁ በፊት ቅርጹን በቀለምና በሚታጠፉ የፕላስቲክ ምሰሶዎች ለጥቂት ሳምንታት ሞክሩት። ተሳቢ ያለው ከባድ መኪና የት ላይ እንደሚረግጥ የወደቁት ምሰሶዎች ያሳዩዋችኋል።

ፍጥነቱን ማውረድ

በአሜሪካ የአደጋ መረጃ ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት እንደሚያሳየው መኪና የመታው እግረኛ የመሞት ዕድሉ በ37 ኪሎ ሜትር 10 በመቶ፣ በ51 ኪሎ ሜትር 25 በመቶ፣ በ68 ኪሎ ሜትር 50 በመቶ ነው። እንግዲህ ከ60 ወደ 40 ማውረድ የመቆሚያውን ርቀት ከ85 ወደ 50 ሜትር ከማሳጠሩም በላይ ግጭቱ ቢደርስ እንኳ ሰውየው እንዲተርፍ ያደርጋል።

ታፔላ መቀየር ብቻውን ይህን አያመጣም። የሚያወርደው ጠባብ ረድፍ፣ ወደ ውስጥ የገባ ጠርዝና ከፍ ያለ ማቋረጫ ነው። ከፍ ያለው ማቋረጫ ከ7.5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍታ፣ ቢያንስ 3 ሜትር ጠፍጣፋ አናት፣ በሁለቱም በኩል ወደ 1.8 ሜትር የሚጠጋ መውጫ ይኑረው። አውቶቡስና አምቡላንስ የሚበዙበት ከሆነ መውጫውን አርዝሙት። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በውኃ ነው። ጉብታው የጠርዙን ፍሳሽ እንደ ግድብ ይይዘውና እግረኛው በሚቆምበት ቦታ ኩሬ ይሠራል፤ እግረኛውም ኩሬውን ሸሽቶ ከማቋረጫው ውጭ ይሻገራል። የውኃ መውረጃውን ከጉብታው በላይኛው በኩል አስቀድማችሁ አስቀምጡ። 85ኛው መኪና ከ50 በላይ በሚነዳበት መንገድ ላይ ደግሞ ሌላው ነገር ሳይሠራ ጉብታ ብቻ አትጣሉ።

መብራት መቼ ይግባ

ይህ ሁሉ ተሠርቶ ክፍተቱ አሁንም ካልበቃ በቁልፍ የሚሠራ መብራት ይመጣል። ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከማስጠንቀቂያ ታፔላው ሥር የሚሰቀልና ቁልፉ ሲጫን በፍጥነት ብልጭ ድርግም የሚል ቢጫ አራት ማዕዘን መብራት ነው፤ በሶላር ይሠራል፣ ለመትከል ቀላል ነው፣ ለጥቂት ረድፍና መካከለኛ ፍጥነት ይበቃል። ከታፔላው ጋር ደሴቱም ላይ ካልተተከለ በውስጠኛው ረድፍ ያለው አሽከርካሪ ከባድ መኪና ሲጋርደው አያየውም። ሁለተኛው ከመንገዱ በላይ ተንጠልጥሎ አሽከርካሪውን በቀይ የሚያስቆመው፣ መጀመሪያ በአሪዞናዋ ቱሳን ከተማ የተሠራው ዓይነት ነው። ሳይጫን ጨለማ ነው፤ ሲጫን ቢጫ ብልጭታ፣ ቋሚ ቢጫ፣ ቋሚ ቀይ፣ በመጨረሻ ተለዋጭ ቀይ ብልጭታ ያሳያል። በመጨረሻው ብልጭታ ላይ አሽከርካሪው ቆሞ እግረኛው ካለፈ መሄድ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2010 በዚያችው ከተማ ላይ የተሠራ ጥናት የእግረኛ አደጋ በ69 በመቶ እንደቀነሰ አግኝቷል። ባለ ብዙ ረድፍና ፈጣን መንገድ ላይ የምንመርጠው ይህንን ነው።

የትኛውም ይሁን፣ ቁልፉ ሲጫን ቶሎ መልስ ይስጥ። አንድ ደቂቃ የሚያስጠብቅ ከሆነ እግረኛው በመሃል ክፍተት አግኝቶ ይሻገራል፤ ከ20 ሰከንድ በኋላ መብራቱ ይቀላና መኪኖች ለባዶ መንገድ ይቆማሉ። ይህ በተደጋገመ ቁጥር አሽከርካሪው መብራቱ ውሸታም መሆኑን ይማራል። ቁልፉን ከመሬት 1.05 ሜትር ላይ፣ ብስክሌተኛው ሳይወርድ በሚደርስበት ቦታ ትከሉ። ደሴት ካለ እዚያም አንድ ቁልፍ ያስፈልጋል፤ ይህ የሚረሳበት ጊዜ ብዛቱ የሚገርም ነው።

ድልድይ ወይም የውስጥ ለውስጥ መተላለፊያ የሚጠይቅ ሰው ሁልጊዜ አይጠፋም። ሰው የሚጠቀምበት በእሱ መሄድ በአስፋልቱ ላይ ቀጥ ብሎ ከመሻገር ብዙም ካላስረዘመ ብቻ ነው። ግማሽ ጊዜ ከጨመረበት አጥሩን ዘልሎ በአስፋልቱ ይሻገራል። መሬቱ ራሱ ሸለቆ ወይም ኮረብታ ሆኖ ካላገዘ በዚህ አትድከሙ።

ቀለሙ፣ ታፔላውና የሽርሽር መንገዱ ጫፍ

ብሩሹ አሁን ይነሳ። ከመኪናው ጉዞ ጋር ትይዩ የሆኑ ወፍራም ነጭ ሰረዞች፣ እያንዳንዳቸው ከ30 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር፣ ከሩቅ ከሁሉ የተሻለ ይታያሉ። ሰረዞቹን ጎማ በሚረግጥበት መስመር መካከል አድርጋችሁ ካስቀመጣችኋቸው ዕድሜያቸው ይረዝማል። በሙቀት የሚቀልጠው ቴርሞፕላስቲክ ከተራ ቀለም ይሻላል፤ ብርሃን የሚመልሱት ጥቃቅን የመስታወት እንክብሎች ትኩስ እያለ ካልተበተኑበት ግን ማታ አያንጸባርቅም።

በሽርሽር መንገዱ በኩል የሚሠራው ስህተት ሁለት ነው። አንደኛው «ቁም» የሚል ታፔላ በየማቋረጫው መደርደር። እይታው ሰፊ በሆነበት ቦታ ማንም አይቆምለትም፤ በዚያ የለመደ ብስክሌተኛ እውነት መቆም ባለበት ቦታም አይቆምም። እይታው በቂ ከሆነ «ቅድሚያ ስጥ» ይበቃል፤ ቅድሚያው የእግረኛው ከሆነም ታፔላው ለመኪናው ይዙር። ሁለተኛው መኪና እንዳይገባ ተብሎ መሃል ላይ የሚተከል የብረት ምሰሶ። በቡድን ከሚሄዱ ብስክሌተኞች የኋለኛው ምሰሶውን የሚያየው ሲመታው ነው። በምትኩ መንገዱን 1.5 ሜትር 1.5 ሜትር አድርጋችሁ ለሁለት ክፈሉት፤ መሃሉ ላይ አጭር ሣር ይሁን። መኪና አይገባም፣ ብስክሌተኛም ፍጥነቱን ይቀንሳል።

ከመንገዱ ወደ አስፋልት የሚወርደው ተዳፋት ከ8.3 በመቶ አይለፍ፤ ወደ ጎን ያለው ዘንበል ደግሞ ከ2 በመቶ። ጠርዙ ላይ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ለዓይነ ስውራን በእግር የሚታወቅ ጉብጉብ ንጣፍ አኑሩ፤ ደሴቱም ላይ።

ማታ

መብራቱን በቀጥታ ከማቋረጫው በላይ መስቀል ብዙ ሰው የሚሠራው ነገር ነው። ብርሃኑ አናት ላይ ይወርድና ፊቱና አካሉ ወደ መኪናው በኩል ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ምሰሶውን መኪናው በሚመጣበት በኩል ቢያንስ 3 ሜትር ከማቋረጫው ቀድማችሁ ትከሉ፤ በእያንዳንዱ አቅጣጫ አንድ አንድ። በ1.5 ሜትር ከፍታ የብርሃን መለኪያውን ወደ መኪናው አቅጣጫ አዙራችሁ 20 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ አሃድ) ካነበባችሁ ይበቃል። መለኪያውን ወደ ሰማይ አዙሮ የሚወሰድ ቁጥር የሚናገረው ስለ አስፋልቱ ነው፤ እናንተ የምትፈልጉት ሰውየው መታየቱን ነው።

ከሥራው በፊትና በኋላ

የተሠራው መሥራቱን ለማወቅ አደጋ እስኪቆጠር አትጠብቁ። ከማቋረጫው የመቆሚያውን ርቀት (በ60 ከሆነ 85 ሜትር) ለክታችሁ ምልክት አድርጉ። ረዳታችሁ ጠርዙ ላይ ሊሻገር እንደሚፈልግ ሰው ይቁም። መኪናው ከምልክቱ ገና ሳያልፍ ዝግጁ መሆኑን ያሳይ፤ አንድ እግሩ ጠርዙ ላይ እንዳለ፣ መኪናው ሙሉ በሙሉ ሳይቆም አይግባ። ምልክቱን አስቀድሞ ያለፈ መኪና ለመቆም ጊዜ ስላልነበረው አይቆጠርም። 100 አሽከርካሪዎችን መዝግቡና ስንቱ እንደቆመ አስሉ። ሥራው ሳይጀመር አንዴ፣ ካለቀ ከወር በኋላ አንዴ፣ ከዓመት በኋላ አንዴ፤ በተመሳሳይ ሰዓትና በተመሳሳይ ልብስ። የወሩ ቁጥር ብዙ ጊዜ ከዓመቱ ይበልጣል፤ አዲስ ነገር ትኩረት ይስባልና። የሚታመነው የዓመቱ ነው።

በዚያው ቀን ዱላውን ይዛችሁ እይታውን ድገሙት። በመጀመሪያው ቀን የታጨደው ቁጥቋጦ አንድ የዝናብ ወቅት ሲያልፍ ተመልሶ ያድጋል፤ ማጨዱ የማን ሥራ እንደሆነ በጽሑፍ ካልተመደበ ማንም አያጭደውም።